የሚታጠፍ ክርን፣ የሚበራ ዓይን፦ የአክሽን ፊገር ሰብሳቢዎች ፍላጎት በመሃል አዲስ አበባ

አክሽን ፊገር ከፕላስቲክ ተሠርቶ የአንድን ገጸ ባሕርይ መልክና አለባበስ የሚይዝ፣ አንገቱ፣ ትከሻው፣ ክርኑ፣ ወገቡና ጉልበቱ በመገጣጠሚያ እየዞረና እየታጠፈ የተለያየ አቋም የሚቀበል ምስል ነው። በመደርደሪያ ላይ እንደተቀረጸ ከሚኖር ሐውልት የሚለየውም ይኸው መንቀሳቀሱ ነው። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በሜክሲኮና በለገሃር ዙሪያ ያሉ ሰብሳቢዎች ስለ አንድ አዲስ ምስል ሲያወሩ ከመልኩ ቀጥለው የሚያነሱት ሁለት ጥያቄ ነው፦ እንዴት ይታጠፋል? ይበራልስ ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች የሚነሡት በየትኛውም አገር ቢሆንም፣ መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ይከተላቸዋል፤ እሱም ምስሉ ሲበላሽ ተፈትቶ ሊጠገን ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ስያሜው የመጣው ከንግድ ነው። የአሜሪካው ሃስብሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተባለውን የወታደር ምስል ለገበያ ሲያቀርብ፣ አሻንጉሊት ተብሎ ቢጠራ ለወንዶች ልጆች የሚገዛው እንደማይኖር ስለሠጋ አክሽን ፊገር የሚል አዲስ ስም አወጣለት። በአማርኛ አሻንጉሊት የሚለው ቃል ከጨርቅ ሕፃን እስከ ብረት ለበስ ተዋጊ ድረስ ሁሉንም ይጠቀልላል። ሰብሳቢዎች ግን ባጭሩ «ፊገር» ይላሉ፤ ቃሉ ዕቃው ለልጅ የተገዛ አለመሆኑን ለመናገር ያገለግላቸዋል።

የመገጣጠሚያ ነገር

የመጀመሪያው ጂ.አይ. ጆ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እንዳሉት ይተዋወቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ወደፊት ብቻ የሚሄድ አልነበረም። ኬነር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ጠፈር ከተሠራ ዝነኛ ፊልም የወሰዳቸውን ምስሎች ቁመታቸውን ወደ 9.5 ሴንቲ ሜትር አሳንሶ፣ እንቅስቃሴያቸውንም በአንገት፣ በሁለቱ ትከሻዎችና በሁለቱ ዳሌዎች ብቻ ወስኖ አወጣቸው። ርካሽ ሆኑ፤ ከመንኮራኩራቸውም ጋር የሚመጣጠኑ ሆኑ፤ ነገር ግን ክርንና ጉልበት አልነበራቸውም። ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ጂ.አይ. ጆን በዚሁ ትንሽ ቁመት እንደገና ሲያመጣው ክርኑም ጉልበቱም ይታጠፍ ነበር፤ ደረቱና ዳሌው በሆዱ ውስጥ ባለ የጎማ ቀለበት ተሳስበው ይያያዙ ስለነበር ወገቡም እንደ ልብ ይዞር ነበር። በዓመቱ ክንዱ ከክርኑ በላይ እንዲዞር ተደረገ፤ በዚህም መሣሪያውን በሁለት እጁ መያዝ ቻለ። ቶይ ቢዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የማርቨል ጀግኖችን 15 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ቁመትና ከ30 በላይ በሆነ መገጣጠሚያ ማውጣት ሲጀምር፣ የጃፓን የፊገር ምርቶች የሆኑት ሬቮልቴክ በ2006፣ ፊግማና ኤስ.ኤች. ፊጉአርትስ በ2008 ሲከተሉ፣ ሰብሳቢው ከምስል የሚጠብቀው ነገር ለዘለቄታው ተቀየረ።

ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመገጣጠሚያ ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በዚህ ከተማ አንድ ምስል ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለመፈተን ከእስክስታ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም። አምስት መገጣጠሚያ ያለው ምስል ክንዱን እንደ በር ወደ ላይና ወደ ታች ከማዞር በቀር ምንም አያደርግም፤ ማጠፊያና መዞሪያ ተደርቦ የተሠራለት ትከሻ ደግሞ ክንዱን ወደ ጎን ያነሣል። ትከሻው ራሱ ወደፊት ወጥቶ ወደ ኋላ እንዲመለስ ግን በደረቱና በክንዱ መካከል፣ ከብብቱ ጠርዝ ገባ ብሎ የተቀመጠ ተጨማሪ ማጠፊያ ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከቢራቢሮ ክንፍ ጋር ያመሳሰሉት ይህ መገጣጠሚያ ጋሻና ጦር ለሚይዝ፣ ቀስት ለሚስብ፣ ጎራዴ በሁለት እጁ ለሚጨብጥ ምስል ሁሉ ወሳኝ ነው። በጀርባ በኩል ሲታይ ክፍተት ይፈጥራል፤ የቅርጹን ውበት የሚያስቀድሙ ሰዎች የማይወዱትም ለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ክፍተቱ ከፊት እስካልታየ ድረስ ቢከፈል የማይቆጭ ዋጋ ነው።

ጉልበትና ክርን ላይ የሚፈለገው ድርብ ማጠፊያ ነው፤ አንድ ማጠፊያ ያለው ጉልበት 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሲቆም፣ ድርቡ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ያስጠጋና ምስሉ በትክክል እንዲንበረከክ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ቁርጭምጭሚት ነው። እግሮቹን አንፈራጦ የሚቆም ምስል የእግሩ መዳፎች ወደ ውስጥ ካልዘነበሉለት በእግሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ይቆማል፤ መደርደሪያው አጠገብ በር በኃይል ሲዘጋም ይወድቃል፤ አንዱ ሲወድቅ ደግሞ ረድፉን በሙሉ ይዞ ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመገጣጠሚያው ጥብቀት ነው። የላላ መገጣጠሚያ የተነሣውን ክንድ ቀስ እያለ ያወርደዋል፤ የተጣበቀው ደግሞ ሲገፉት ይሰበራል። ይህ በአብዛኛው የሚወሰነው በፕላስቲኩ ዓይነት ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ለስላሳና ለቅርጽ ተስማሚ ነው፤ ግን ማለስለሻ ቅመሙ ከዓመታት በኋላ ወደ ገጹ እየወጣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ያደርገዋል፤ ይህም በለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይቀንሳል። ኤ.ቢ.ኤስ. ጠንካራ ነው፤ ሲጨናነቅ ግን ይሰነጠቃል። ፖም የሚባለው ጠንካራና ተንሸራታች ስለሆነ በጥሩ ምስሎች ላይ ለመገጣጠሚያ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ችግሩ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ሱፐር ግሉ የማይዘው መሆኑ ነው።

በሐምሌ ቅዝቃዜ ፒ.ቪ.ሲ. ይደርቃል። ባለፈው ክረምት ከሣጥኑ ያወጣሁትን የአንድ ምስል ክርን ላጥፍ ስሞክር ማጠፊያው አጠገብ ነጭ መስመር ሲወጣ አየሁ፤ ነጭ መስመር ማለት ፕላስቲኩ ሊሰበር ነው ማለት ነው። እጄን ወዲያው አነሣሁና ከፔርሙዝ የፈላ ውኃ በስኒ ቀድቼ ክንዱን ሁለት ደቂቃ ያህል አቆየሁት። ከዚያ በጨርቅ ይዤ ላዩን ሳይሆን መገጣጠሚያው ሥር ያለውን ክፍል በጣቶቼ ጠበቅ አድርጌ በጥቂት በጥቂቱ ሳዞረው፣ ቀለሙ የያዘው ስፍራ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰጥቶ ለቀቀ። ነጩ መስመር እስካሁን አለ፤ ክንዱ ግን ይሠራል። ውስጡ ባትሪ ያለበትን ክፍል በዚህ መንገድ ማርጠብ አይገባም፤ ይህ ወደ መብራቱ ጉዳይ ይወስደናል።

መብራቱ

ከድሮ መጫወቻዎች የሚበሩት በአብዛኛው በቀይ የሚበሩበት ምክንያት አለ። የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤል.ኢ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ ነበር፤ ደማቅ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ግን ለገበያ የበቃው በ1990ዎቹ ነው። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራቸው የእ.ኤ.አ. 2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነጭ ኤል.ኢ.ዲ.ም የመጣው በሰማያዊው ላይ ፎስፈር የተባለ፣ የብርሃኑን ቀለም የሚቀይር ቅመም በመለበድ ነው። ዛሬ በብረት ለበሱ ጀግና በአይረን ማን ደረት ላይ የምናየው ቀዝቃዛ ነጭ ብርሃን ከዚያ በፊት በዚህ መጠን ሊታሰብ አይችልም ነበር።

ቀዩ 2 ቮልት አካባቢ ሲበቃው ሰማያዊውና ነጩ 3 ቮልት ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወይ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት፣ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉ ክብ የቁልፍ ባትሪዎች ተደራርበው ይገባሉ፣ ወይ አንድ ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ይገባል። ፒያሳ ላይ ይህን የሚያውቁት ሰዓት ሠሪዎች ናቸው። ኤል.አር.44 ካልተገኘ ኤ.ጂ.13 ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ 11.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ያው ባትሪ ነው። የሲ.አር.2032 ቁጥር ደግሞ ልኩን ራሱ ይናገራል፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ሰብሳቢዎች አንድ ምስል ከመግዛታቸው በፊት የባትሪውን ቁጥር መጠየቃቸው ከዚህ የመጣ ልማድ ነው፤ በሰዓት ሠሪ መሳቢያ ውስጥ የማይገኝ ባትሪ የሚጠቀም መብራት ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሚጠፋና ተመልሶ የማይበራ መብራት ነውና።

ባትሪ ውስጡ ተረስቶ የሚቀመጥ ምስል ይጎዳል። አልካላይን ባትሪ ሲያፈስ በመዳብና በብረት ስፕሪንጎቹ ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በመሆኑ በጥጥ ጫፍ የተነከረ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ያጸዳዋል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከብደው የሕፃናት ጉዳይ ነው። የተዋጠ የቁልፍ ባትሪ የጉሮሮን ሥጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር መሆኑ ቤቱ ውስጥ ልጅ ላለው ሰብሳቢ ከማንኛውም ውበት የሚቀድም መስፈርት ነው።

ባትሪ የማይጠይቅ ሌላ መንገድም አለ። የጭንቅላቱ የኋላ ክፍልና ዓይኖቹ ከአንድ ጥርት ካለ ፕላስቲክ ይሠሩና ከኋላ የገባው ብርሃን በፕላስቲኩ ውስጥ ተጉዞ በዓይኖቹ ይወጣል። ትራንስፎርመርስ ምስሎች ይህን በብዛት ይጠቀማሉ። ምሽት ላይ አይሠራም፤ ከጧቱ ፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ለቆመ ምስል ግን ከኤል.ኢ.ዲ. ይልቅ ሕያው የሆነ ዓይን ይሰጠዋል።

ሁለቱ የሚጋጩበት ቦታ

መገጣጠሚያና መብራት በአንድ ምስል ውስጥ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቦታ ይሻማል። የባትሪው ሣጥን ደረት ውስጥ ከገባ ሆዱ ወደፊት የሚታጠፍበት ቦታ ያጣል። ባትሪው በደረት፣ መብራቱ በዓይን ከሆነ ሽቦው በአንገት ማለፍ አለበት፤ አንገት ደግሞ ብይ በሚመስል ክብ መገጣጠሚያ ላይ በየአቅጣጫው የሚዞር በመሆኑ ፀጉር የሚያክለው ሽቦ በተዞረ ቁጥር ይጠማዘዝና ውሎ አድሮ ይበጠሳል። የሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስ ኩባንያ በ30 ሴንቲ ሜትር ብረት ለበስ ምስሎቹ ላይ ለጭንቅላቱም፣ ለደረቱም፣ ለእጆቹም ለየብቻ ባትሪ የሚሰጠው ሽቦ በመገጣጠሚያ እንዳያልፍ ነው። መፍትሔው ጥሩ ነው፤ ግን ለማብራት ጭንቅላቱን ነቅሎ፣ ጣት የማይገባበትን ማብሪያ በስንጥር ገፍቶ፣ እንደገና ለየእጁ ማድረግ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ደጋግመው የሚመኙት በሪሞት ወይም በማግኔት ንክኪ የሚበራ፣ አለበለዚያም በእግሩ ሥር ካለው መቆሚያ በዩ.ኤስ.ቢ. ኃይል የሚያገኝ ምስል ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ፓወር ባንክ ይበቃዋል።

ኩባንያዎች ይህን ምኞት አልሰሙም ማለት አይቻልም። ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰብሳቢዎች ቀድመው ገንዘብ እንዲያዋጡበት ያቀረበው ጋላክተስ የተባለው የማርቨል ግዙፍ ገጸ ባሕርይ ምስል 81 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ የሚታጠፉ፣ ፊቱና ደረቱም የሚበሩ ነው። ያን የሚያክል አካል ለባትሪም ለማጠፊያም ቦታ አለው። ችግሩ ያለው በ15 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ነው፤ በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለውም እሱ ነው።

በከተማው

ምስሎቹ ወደ መሃል አዲስ አበባ የሚገቡት በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ለትርፍ የተያዘ ሊቲየም ባትሪ ከአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል ስለሚከለከል ዘመድ በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው አስቀድሞ ይነገረዋል። በቸርችል ጎዳና ባለው ዋና ፖስታ ቤት በሣጥን ቁጥር የሚቀበሉም አሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያ በፊት በዓመት ሦስት ይገዛ የነበረ ሰው አንዱን መርጦ ያንኑ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ግድ ሆነበት። መርካቶ ላይ የሚሸጡት ኮፒዎች ዋጋቸው ይቀላል፤ መገጣጠሚያቸው ግን ወይ የላላ ወይ የተጣበቀ ነው።

እንግዲህ በሙጫ የተዘጋ ደረትና በብሎን የታሰረ ደረት እዚህ እኩል የማይመዘኑት ለዚህ ነው። የ1982ቱ ጂ.አይ. ጆ ጎማው ደርቆ ቢበጠስ ጀርባው ላይ ያለውን አንድ ብሎን ፈትቶ ልኩ የሆነ ኦሪንግ መተካት ይቻላል፤ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ዛሬም ቀጥ ብለው የሚቆሙት በዚህ ነው። በሙጫ የተዘጋ ምስል መብራቱ ሲጠፋ ግን መጋዝ ያስፈልገዋል። የከተማው ከፍታ 2,350 ሜትር አካባቢ በመሆኑ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ነጭ ኤ.ቢ.ኤስ. መስኮት አጠገብ ከቆመ ቢጫ ይሆናል፤ ጥርቱን ፕላስቲክ ለማስዋብ ፀሐይ የሚፈልግ ሰው ምስሉን ጧት አውጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ አለበት።

ጥገናው ላይ የከተማው ትልቁ ሀብት የሞባይል ጠጋኞች ናቸው። ማይክሮስኮፕ፣ ቀጭን ሶልደርና በስልክ ቦርድ ላይ የተቋረጠ መስመር ለማገናኘት (ለጃምፐር) የሚሆን ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ አላቸው። የአንዱን ምስሌን አንገት ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ የተካልኝ ጠጋኝ ፊገር ከዚያ በፊት ነክቶ አያውቅም። ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ አዞረው፤ ከዚያ የመጀመሪያው ሽቦ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ስለነበር እንደተበጠሰ አሳየኝ። አዲሱን በክብሪት እንጨት ላይ ሦስት ዙር ጠምጥሞ እንደ ስፕሪንግ አደረገውና በብዩ ቀዳዳ አሳልፎ በየዳሩ በየደው። ብሎኑን ሲያጠብቅ ዓይኖቹ በሩ፤ አሁን ምስሉ ወዴትም ቢዞር አይጠፉም።