«ግማሽ እንጨት» ቤት፦ ግማሹ ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው አሮጌ ቤቶች አሉ። እንግሊዞቹ «ሃፍ ቲምበርድ» ይሏቸዋል፤ ቃል በቃል ሲወሰድ «ግማሽ እንጨት» እንደ ማለት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። ብዙ ሰው ግማሹ በእንጨት፣ ግማሹ በድንጋይ የተሠራ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።

ቤቱን የሚሸከመው አጽሙ ነው። አጽሙ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኦክ የሚባል ጠንካራ ዛፍ። የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችንካር ይያዛል። በሌላ ነገር የሚሞላው በእንጨቶቹ መሃል የቀረው ክፍተት ብቻ ነው። ቀጫጭን እንጨት እንደ ማገር ይጠላለፍና ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሙሌቱ ነፋስና ብርድ ይከለክላል እንጂ ጣሪያ አይሸከምም።

ቼሺር በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ የሚገኘው ሊትል ሞርተን ሆል የተባለ ቤት ድንቅ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ እስከ 1610 ገደማ በየጊዜው ሲጨመርበት ቆየ። ከላይ ረጅም አዳራሽ ተቀጠለበት፤ ጣሪያው ከባድ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ክብደቱ ከታች ያለውን አጽም አጎበጠው። ቤቱ ግን ዛሬም ተጣሞ ቆሟል! እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። እንጨቱ ይለመጣል፣ መጋጠሚያውም ትንሽ ይላወሳል፤ ስለዚህ ጫናውን ሳይፈርስ ቻለው።

ጥቁርና ነጩ ቀለምስ? ብዙ ጊዜ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው። ቀድሞ ኦኩ ብዙውን ጊዜ ሳይቀባ ይተውና በዕድሜ ብዛት ብርማ ግራጫ ይሆን ነበር።