የጣና ዳር የእንጨት ጥርብ፤ ከስዕሉ ስር ያለው ሳንቃ

ከባህር ዳር በጀልባ ዘጌ የሄደ ሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲገባ አይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ስዕሉ ላይ ነው፣ እውነትም ልብ የሚነካ ስዕል ነው፣ ግን መላእክቱ ሰይፍ መዘው የቆሙበትን በር ማን ጠረበው ብሎ የሚጠይቅ ቱሪስት ብዙ አላየሁም፣ ጋይዶቹም ቶሎ ያልፉታል። እኔን ግን ሁሌ የሚያቆመኝ እንጨቱ ነው።

ጥበቡ ጣና ላይ የተጀመረ አይደለም፣ ከአክሱም ጀምሮ የመጣ ነው። አክሱሞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ሲገነቡ የግንዱ ጫፍ ከግድግዳው ብቅ ይላል፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ማለት ነው፣ ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ ጣሪያው ላይም እንስሳት የተቀረጹባቸው ሳንቃዎች አሉ፣ ላስታ ያለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ይምርሃነ ክርስቶስም እንደዛው በእንጨት ስራ የታወቀ ነው። የጣና ገዳማት ብዙዎቹ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተመሰረቱ ይባላል፣ ክቡ ቤተክርስቲያን ሲለመድ ደግሞ ለጠራቢው ሌላ ስራ መጣ። ከውጭ ቅኔ ማህሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀል ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ፣ መቅደሱ ትላልቅ በሮች አሉት፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶ አለ፣ መስኮቱ አለ፣ ሁሉም የእንጨት ጠራቢ እጅ ይፈልጋል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሰሩት ናርጋ ሥላሴም በበሮቹ ይታወቃል።

ዋናው እንጨት ዋንዛ ነው። ለመሮ እሺ ይላል፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ግንዱም ስለሚወፍር ሰፊ ሳንቃ ይወጣዋል። ወይራ ጠንካራ ነው፣ እሱ ለትንንሽና ለሚያዝ ነገር ይመረጣል። እርጥቡን የጠረበ ሰው በኋላ ሲሰነጠቅበት ያያል፣ ስለዚህ ጥላ ስር ቀስ ብሎ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። ከዛ መጥረቢያ ቅርጹን ያወጣል፣ ጌጡን መሮና ቢላ ይጨርሱታል።

ቤተክርስቲያን ውስጥ እንጨት ያልገባበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። መንበረ ታቦቱ፣ አትሮኖሱ፣ መቋሚያው፣ መነኮሳቱ የሚይዙት ሐረግ የተፈለፈለበት የእጅ መስቀል። የብራና መጽሐፍ ሽፋኑ ራሱ ሳንቃ ነው፣ ሳንቃው ሲሰበር አይጣልም፣ ተበስቶ በክር ይሰፋል፣ እንደዚህ የተሰፋ ሽፋን ሳይ በጣም ደስ ይለኛል። የእንጨት ከበሮ ደግሞ ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ ቆዳ ይለበሳል፣ ሰፊው አፍ የመለኮት ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው ይባላል። ስዕሉም ቢሆን እንጨት ላይ ነው ያደገው፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (15ኛው ክፍለ ዘመን) የነበረው ሰዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ስዕል ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል፣ የተሳለውም ሳንቃ ላይ ነው። የሰዓሊው ስም ደረሰን፣ የጠራቢዎቹን ስም ግን የሚያነሳ የለም፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

ቤት ውስጥ ሙቀጫ፣ ዱካ፣ ገበጣ አለ። ገበሬው ደግሞ ሞፈርና ቀንበሩን ብዙ ጊዜ ራሱ ነው የሚጠርበው፣ ለዛ ይመስለኛል እንጨት ስራ እንደ ሸክላና ብረት ስራ ብዙ ያልተናቀው። (ታንኳ ከዚህ ውጭ ነው፣ እሱ ከደንገል ነው የሚሰራው፣ የጣና ዳር ነዋሪዎቹ የወይጦዎች ጥበብ ነው።)

አሁን ዘጌ ከጀልባ ወርደህ ወደ ገዳሙ በእግር ስትወጣ መንገድ ዳር ትንንሽ መስቀልና ታንኳ ይሸጣል፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፈርኒቸር ቤቱ በማሽን ቆርጦ ቫርኒሽ ይቀባል። ከእነሱ ውስጥ ጎበዝ እጅ ያላቸው አሉ፣ ግን ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ እንደድሮው አይገኝም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግስት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፣ ትክክልም ነበር። ዘጌ ላይ ግን ክልከላው የቆየ ነው፣ የዘጌን ገዳም የመሰረቱት አቡነ በትረ ማርያም መሬቱ እንዳይታረስ ዛፉም እንዳይቆረጥ ብለዋል ተብሎ ይተረካል፣ ሰዉም ቡናውን ከዛፍ ጥላ ስር እየለቀመ ነው የኖረው፣ ገዳሙን የከበበው ደን እስከዛሬ የቆመው በዚህ ነው።