ዓሣ ነባሪ ምንድን ነው? ያ ነጠብጣባሙ ግን አይደለም

አትላንታ የሄደ ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይልክልኛል። ጆርጂያ አኳሪየም (የባሕር እንስሳት በትልልቅ ገንዳ የሚታዩበት ቦታ)፣ ሰማያዊ ብርሃን፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቀስ ብሎ የሚያልፍ ነጠብጣባም ግዙፍ፤ ከሥሩ «ዓሣ ነባሪ በዓይኔ አየሁ!» የሚል ጽሑፍ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ሲደርሰኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ያ እንስሳ ዌል ሻርክ ነው። ዌል ሻርክ ዓሣ ነው። ዓሣ ነባሪ ደግሞ ዓሣ አይደለም።

ያደናግራል፣ አውቃለሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሻርኩን ግዝፈቱን አይቶ «ዌል» (ዓሣ ነባሪ ማለት ነው) ጨመረበት፤ እኛ ደግሞ ዌሉን ውኃ ውስጥ ስላገኘነው «ዓሣ» አልነው። ቪዲዮው ሥር የሚጋጩት እነዚህ ሁለት ስሞች ናቸው።

የሌሊት ወፍን አስቡ። ስለምትበር ወፍ አልናት፤ ላባ ግን የላትም፣ ልጇንም ጡት ታጠባለች። ዓሣ ነባሪ የባሕር የሌሊት ወፍ ነው፤ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። አንድ ሰው ትልቅ አሞራ አይቶ «የሌሊት ወፍ አሞራ» የሚል ስም አወጣለት እንበል። ሌላው መጣና «አሞራ» የሚለውን ቆርጦ ጥሎ፣ ላባው ፊቱ እየታየ «የሌሊት ወፍ» ብሎ ለጠፈው። ዌል ሻርክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ላርም። «ይወልዳል» ያልኩት መለያ አይሆንም፤ ዌል ሻርክም እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ተፈልፍሎ ነው የሚወልደው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን ውስጥ የተያዘች አንዲት ሴት ዌል ሻርክ ሆዷ ውስጥ 300 ያህል ጽንሶች ተገኝተዋል። መለያው ማጥባትና ሳንባ ነው።

«ሁለቱም ትልቅ፣ ሁለቱም ባሕር ውስጥ፤ ምን ያጨቃጭቃል?» ብሎ የጻፈልኝ ወንድም አለ። ወንድሜ፣ ጭራውን እይ። የሻርክ ጭራ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይቀዝፋል። የዓሣ ነባሪ ጭራ ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ምክንያቱም የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች በየብስ ላይ በአራት እግር ይሄዱ ነበር። ውሻ ሲጋልብ ጀርባው እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ አይተሃል? ዓሣ ነባሪ ያንን ጀርባ ይዞ ነው ባሕር የገባው። ይህን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም፤ መስታወቱ ፊት አንድ ደቂቃ መቆም ብቻ ነው። (መስታወት አልኩ እንጂ አክሪሊክ የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው።)

«ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጣ ቀርጬዋለሁ» ያሉም አሉ። የቀረጹት ምሳውን ነው። እዚያ ሠራተኞቹ ከትንሽ ጀልባ ላይ ሆነው ምግቡን በጭልፋ እያፈሰሱ ያበሉታል፤ እሱም አፉን ከፍቶ ይከተላቸዋል። ትንፋሹን የሚያገኘው ከራሱ ኋላ፣ በግራና በቀኝ ካሉት አምስት አምስት የስንጥቅ ክፍተቶች ነው።

የሚያስቀው፣ እውነተኛው ዓሣ ነባሪ እዚያው ሕንፃ ውስጥ አለ። ነጩ ቤሉጋ ነው። ሰው «ዶልፊን» ብሎት ያልፋል።

«መጽሐፍ ዓሣ ካለው አንተ ማን ነህ?» ላሉኝ አባት ደግሞ በአክብሮት፦ ከመጽሐፉ ጋር ጠብ የለኝም። ትንቢተ ዮናስ የሚለው «ትልቅ ዓሣ» ነው። «አንበሪ» የምናገኘው ማቴዎስ ላይ ነው፤ የዛሬው «ነባሪ»ም ከዚያ የተለወጠ ይመስለኛል። ድሮ ዓሣ ማለት ውኃ ውስጥ የሚኖር ማለት ነበር፤ የሚበር ሁሉ ወፍ እንደነበረው። ማንንም የማይዋሽ አከፋፈል ነው፤ ብቻ ከዛሬው የባዮሎጂ አከፋፈል ጋር አይገጥምም።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ከቪዲዮ ላይ ሜትር አትገምቱ። በጠፍጣፋ መስኮት በኩል እንስሳው ከእውነተኛው ቦታው ቀርቦ ይታያል፤ ጎብኚ ከገንዳው ሥር በሚያልፍበት ዋሻ ጥምዝ ጣሪያ በኩል ደግሞ ያነሰ ይመስላል። ዌል ሻርክ እስከ 18 ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ተመዝግቧል፤ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ግን ወደ 30 ይጠጋል።

ለማየትም አትላንታ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርኮች ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አርታ አጠገብ ይሰበሰባሉ፤ አብዛኞቹ ገና ያልጎረመሱ ወንዶች ናቸው። አጥኚዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ ኋላ ባሉት ነጠብጣቦች ነው፤ አቀማመጣቸው እንደ ጣት አሻራ ነው። ፎቶዎቹን የሚያነጻጽረው የኮምፒውተር ስሌት መጀመሪያ የሰማይ ከዋክብትን ለማመሳከር የተሠራ ነበር።

ማዳጋስካሮች ያለ ስሌት ደርሰውበታል፤ «ማሮኪንታና» ይሉታል፣ ባለብዙ ኮከብ። በስዋሂሊ «ፓፓ ሺሊንጊ» ነው፣ ሽልንግ የተበተነበት ሻርክ። እኛም «ባለኮከብ ሻርክ» ብንለው እኔ ደስ ይለኛል። ካልተስማማችሁ ዌል ሻርክ በሉት፤ «ሻርክ» የሚለውን ብቻ እንዳትቆርጡብኝ።