የልብ ምት መለኪያ ምንድን ነው?

የእጅ ሰዓቴ አንድ ቀን ክው አድርጎኝ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ወሬ እየጠረቅን ሶምሶማ ላይ ነን። ፍጥነታችን ሯጭ የሚያስብል አይደለም። ዓይኔን ጣል ሳደርግ ሰዓቱ 172 ይላል። በደቂቃ 172 ምት ለኔ ወሬ የሚቋረጥበት ቁጥር ነው። እዚያ ስደርስ "እሺ" ለማለት እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል። ያን ሰዓት ግን የመሥሪያ ቤት ሐሜት መሀል ላይ ነበርኩ።

ቆም አልኩ። ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ፣ ከማንቁርቴ ጎን ሰርጎድ ያለችው ቦታ ላይ አሳረፍኩና 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። 33 ሆነ። በ4 ሲባዛ 132። ሰዓቱ የሳተው በ40 ምት ነው።

172ን ታዲያ ከየት አመጣት? ከእግሬ። ስሮጥ በደቂቃ የምረግጠው እርምጃ 172 አካባቢ ነው። ሰዓቱ ልቤን ትቶ እግሬን ሲቆጥር ነበር። ይህ ብርቅ ብልሽት አይደለም። ለምን እንደሚሆን ከገባችሁ የትኛውን መለኪያ መግዛት እንዳለባችሁም አብሮ ይገባችኋል።

የልብ ምት መለኪያ ማለት ልባችሁ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እየተንቀሳቀሳችሁ የሚነግራችሁ ዕቃ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም። አንደኛው የልብን ኤሌክትሪክ ያዳምጣል። ሁለተኛው ቆዳ ላይ ብርሃን አብርቶ የደሙን እንቅስቃሴ ያያል። ሰው ሊገዛ ሲሄድ ማርካውን፣ ስክሪኑን፣ ቀለሙን ያያል። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ መታየት ያለበት በምን እንደሚለካና ሰውነት ላይ የት እንደሚቀመጥ ነው።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። ልብ ከመኮማተሯ በፊት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያልፍባታል። ሞገዱ እስከ ቆዳ ድረስ ይሰማል። ሐኪም ቤት ደረት ላይ ገመድ ለጣጥፈው የሚያነሱት ኢሲጂ የሚያነበው ይህንኑ ነው። የኢሲጂ አባት የሚባለው ኔዘርላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። የእሱ ማሽን ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ብዙ ሰው የሚፈልግ ግዙፍ ነገር ነው። ታካሚውም እጆቹንና አንድ እግሩን ጨው ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍማ! ይቺን ጨው ውሃ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ያ ሁሉ ማሽን ዛሬ ከጡት በታች ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ሆኗል። የቀበቶው የውስጥ ገጽ ላይ ለስለስ ያሉ ሁለት ጥቁር ንጣፎች አሉ። እነሱ ኤሌክትሮዶቹ ናቸው። መሀሉ ላይ እንደ ጃኬት ቁልፍ ጠቅ ብላ የምትገጠም ትንሽ አስተላላፊ አለች። ምቱን ቆጥራ ወደ ሰዓት ወይም ወደ ስልክ ትልካለች። መንገዱን የከፈተው የፊንላንዱ ፖላር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሠረተ፤ በ1982 ስፖርት ቴስተር ፒኢ 2000 የተባለውን ገመድ አልባ መለኪያ ገበያ ላይ አወጣ። ቀድመው የተጠቀሙበት በበረዶ ላይ ረጅም ርቀት የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ናቸው። ጓንት ያጠለቀ ሰው በበረዶ መሀል ቆሞ አንገቱን ሲዳብስ አስቡት።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ስማርት ሰዓት ያላችሁ ሰዎች ማታ መብራት አጥፉና ሰዓቱን ገልብጡት። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል ታያላችሁ። ደም ቀይ የሆነው አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ልብ በመታች ቁጥር ቆዳ ሥር ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ደም ሞላ ይላል። ያኔ የሚዋጠው አረንጓዴ ይበዛል፤ ተመልሶ ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው ያንሳል። ሰዓቱ ይህን መጨመርና መቀነስ ይቆጥራል። ሳይንሳዊ ስሙ ፎቶፕሌቲስሞግራፊ ነው፤ አንድ ጊዜ ብላችሁት እርሱት። ሐኪም ቤት ጣት ላይ የሚቆነጥጡት ኦክስጅን መለኪያም ዘመዱ ነው፤ የሚያበራው ብርሃን ቀለም ይለያል እንጂ።

ዘዴው ብልህ ነው። ችግሩ ሴንሰሩ የሚፈልገው ለውጥ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። እጅ ሲወዛወዝ፣ ሰዓቱ ሲንሸራተት፣ ጅማት ሲወጠር የሚፈጠረው ረብሻ ከምቱ ይበልጣል። የሰዓቱ ሶፍትዌር ረብሻውን ለይቶ ለማውጣት ይታገላል። ሯጭ ላይ ግን ረብሻውም እንደ ልብ ምት ሪትም አለው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። አንዳንዴ ሶፍትዌሩ የተሳሳተውን ሪትም ይይዝና ሙጭጭ ይላል። የኔ 172 የመጣችው እንዲህ ነው። ሶምሶማ ላይ ሆናችሁ ቁጥሩ 160 ወይም 170 ላይ ተተክሎ አልንቀሳቀስም ካለ እግራችሁን ጠርጥሩ።

የእጅ አንጓ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ አይደለም። አጥንትና ጅማት እንጂ ሥጋ የለውም። ብርድ ሲሆን የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የሚታየውም ይቀንሳል። ሴንሰሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ንቅሳት ካለ ቀለሙ ብርሃኑን ሊጋርደው ይችላል። የጠቆረ ቆዳ ጉዳይም ይነሳል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ ይህ እውነት ነው። አምራቾች በበኩላቸው መብራቱ እንደ ቆዳው እንዲደምቅ ያደርጋሉ። ጥናቶቹ አንድ ዓይነት ውጤት ላይ አልደረሱም፤ አንዳንዱ ልዩነት አገኘሁ ይላል፣ አንዳንዱ የለም ይላል። ስለዚህ ሰው የወደደውን ሰዓት ሰምታችሁ ከመግዛት ራሳችሁ ላይ መሞከሩ ይሻላል።

በሁለቱ መሀል ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ አለ፤ የክንድ ማሰሪያ። እሱም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ የሚታሰረው ግን ከክርን በታች ወይም ጡንቻው ላይ ነው። እዚያ ሥጋ አለ፣ የደም ሥር አለ፣ ውዝዋዜውም ያንሳል። ያው ዘዴ ቦታ ስለቀየረ ብቻ በብዛት ከአንጓው የተሻለ ያነባል። ደረቴ ላይ ነገር መታሰር አልወድም ለሚል ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው።

የትኛው ለማን? በእግር ለሚሄድ ወይም በአንድ ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው የእጅ ሰዓት በቂ ነው። ሌላ ወጪ አያስፈልገውም። ብረት የሚያነሳ፣ ፑሽ አፕ የሚሠራ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ግን አንጓውን ያጥፋል፣ መዳፉን ይጨብጣል፤ ሰዓቱ ይደናበራል። ለእሱ ደረት ወይም ክንድ። አንድ ደቂቃ ፈጥኖ አንድ ደቂቃ እያረፈ ኢንተርቫል ለሚሠራ ሰው ደረት ላይ ያለውን የሚያህል የለም። ብርሃኑ ዘግየት ብሎ ይከተላል፤ እሱ ከፍታውን ሲያገኝ እናንተ ዕረፍት ላይ ናችሁ። እዚህ ላይ ልብ ራሷም ዘገምተኛ መሆኗን አትርሱ። 20 ሰከንድ ሙሉ ኃይላችሁን ተጠቅማችሁ ሮጣችሁ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ላይሆን ይችላል። ልባችሁ ገና እየደረሰች ነው።

ዋናተኞች የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። የብሉቱዝ ሞገድ ውኃ ውስጥ አይሄድም። ስለዚህ ምቱን እዚያው ውስጡ መዝግቦ ይዞ ከውኃ ስትወጡ የሚልክ ዓይነት ፈልጉ።

ስለ ግንኙነት ካነሳን፣ ከብሉቱዝ ሌላ ኤኤንቲ ፕላስ የሚባል መንገድ አለ። የብስክሌት ኮምፒውተሮችና አንዳንድ የጂም ማሽኖች እሱን ያውቃሉ። ሁለቱንም የሚችል ቀበቶ መግዛት ከኋላ ጸጸት ያድናል። ባትሪውን እዩ። ብዙዎቹ ቀበቶዎች ሲአር2032 የምትባለውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ ይወስዳሉ፤ ለወራት ትሄዳለች። የክንድ ማሰሪያዎች ግን በየጊዜው ቻርጅ ይፈልጋሉ። ሻጩን ደግሞ ጨርቁ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁት። ቀድሞ የሚያረጀው አስተላላፊዋ ሳትሆን ጨርቁ ነው፤ ላብ ይበላዋል። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ቀበቶው ከስፖርት ጡት ማስያዣው ጠርዝ ጋር ሲጣላ ወይ ቆዳ ይልጣል ወይ ይንሸራተታል። ከጠርዙ ሥር ገብቶ መያዝ አለበት፤ ሲሞከር ማስያዣው ተለብሶ ይሞከር።

አሁን ወደ ጨው ውሃዬ። ቀበቶ የገዙ ሰዎች የመጀመሪያ ቀን ስሞታ አንድ ዓይነት ነው። "ገና ሳልጀምር 210 አለኝ" ይላሉ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይስተካከላል። ያስተካከለው ላብ ነው። ላብ ጨው ውሃ አይደል? አይንትሆቨን በባልዲ ያደረገውን ሰውነታችሁ በራሱ አደረገው። ላቡን ከመጠበቅ ጥቁሮቹን ንጣፎች ከማሰራችሁ በፊት ውኃ አርከፍክፉባቸው። ቀበቶው ትንፋሽ እንዳይከለክል ሆኖ ጠበቅ ይበል። ስትጨርሱ አስተላላፊዋን ንቀሏት፤ ከእርጥብ ጨርቅ ጋር ከተተወች ባትሪዋ በከንቱ ያልቃል። ጨርቁን በውኃ አለቅልቁት። ይህን የማያደርግ ሰው ስፖርት ቦርሳው ሲከፈት ይታወቃል።

እሺ፣ መለኪያው ትክክለኛ ቁጥር ሰጠን እንበል። ቁጥሩን ምን እናድርገው? እዚህ ላይ ነው ውድ ዕቃ የገዛውም የሚሳሳተው። ሰዓቱ "ቀላል"፣ "መካከለኛ"፣ "ከባድ" እያለ በቀለም የሚከፋፍልላችሁ ልባችሁ ልትደርስበት የምትችለውን ከፍተኛ ምት ገምቶ ነው። ካልነገራችሁት ግምቱን የሚያመጣው ከዕድሜ ነው። የታወቀው ቀመር 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። ይህ ቀመር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ መነሻው የተለያዩ ጥናቶችን ውጤት ግራፍ ላይ አስቀምጦ በዓይን ግምት የተሰመረ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የተሻለ አቀረቡ፤ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ። የ40 ዓመት ሰው ላይ ሁለቱም 180 ይሰጣሉ። የ20 ዓመት ወጣት ላይ 200 እና 194፣ የ60 ዓመት ሰው ላይ 160 እና 166።

የትኛውንም ብትወስዱ የሚነግራችሁ አማካዩን ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ሰዎች መሀል የ10 እና የ20 ምት ልዩነት ተራ ነገር ነው። ጫማ በአማካይ ቁጥር እንደመግዛት ነው፤ ለአንዳንዱ ልክ ይሆናል፣ ሌላው ያነክሳል። ስለዚህ መለኪያው "ከባድ" ብሎ ቀይ ሲያበራ ዘና ብላችሁ እያወራችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ በጣት ቆጥራችሁ ቁጥሩን አረጋግጡ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ የተሳሳተው ክፍፍሉ ነው። ገብታችሁ አስተካክሉት። ወሬ ጥሩ ሚዛን ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ ከተናገራችሁ መካከለኛ ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ላይ ትንፋሽ ከቆረጣችሁ ከባድ ውስጥ ገብታችኋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚባሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ምቱ በመድኃኒቱ ዝቅ ብሎ የተያዘ ነው፤ ከላይ ያሉት ቀመሮች ለእሱ አይሠሩም። ልኩን ሐኪሙ ይንገረው። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለትም ቀበቶ ከመግዛቱ በፊት እንዲሁ ይጠይቅ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ይቆማል።

አዲስ መለኪያ ሲገዛ እኔ የማደርገው ፈተና አለ። ቁጭ ብዬ 15 ሰከንድ በጣቴ እቆጥራለሁ። ደረጃ ወጥቼ እንደገና። ከሶምሶማ መሀል ቆም ብዬ ሦስተኛ። ሁለት ሦስት ምት ቢለያይ ግድ የለኝም፤ አሥርና አሥራ አምስት ከሆነ ደረሰኙ ሳይጠፋ ይመለሳል።

ያ የእርምጃ ቆጣሪ ሰዓቴ አሁንም እጄ ላይ ነው። ከአንጓ አጥንቴ ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ፣ ጠበቅ አድርጌ ማሰር ከጀመርኩ ወዲህ አደብ ገዝቷል። ዳገት የምሮጥበት ቀን ግን ቀበቶዬን ቧንቧ ሥር አርሼ ነው የምወጣው።