በሲ ቋንቋ ፋይል ስናነብ፦ ስለ መስመር ማብቂያ የሚነገሩ ስህተቶች

ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይ ነው የሚሠራው። ከፋይል አንድ መስመር ያነብና «አዎ» ከሚለው ቃል ጋር ያወዳድራል። አይመሳሰሉም ይላል። ስክሪን ላይ ሲታተም ግን ያው «አዎ» ነው። ሲ የሚጽፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ይገጥመዋል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ አንድ ባይት ነው፤ ቁጥሩ 13።

«መስመር ማብቂያ የትም አንድ ነው»

አይደለም። ሊኑክስና የዛሬው ማክ መስመርን በአንድ ባይት ይዘጋሉ፤ በ10። ዊንዶውስ ሁለት ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ 13፣ ቀጥሎ 10። የድሮው ማክ፣ እስከ ስሪት 9 ድረስ፣ 13ን ብቻ ነበር የሚጠቀመው። ነገሩ የቴሌታይፕ፣ የድሮው የርቀት መጻፊያ ማሽን፣ ውርስ ነው። እዚያ 13 ማተሚያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሰዋል፣ 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ያንቀሳቅሰዋል። በሲ ኮድ ውስጥ 10ን ባክስላሽ ኤን፣ 13ን ባክስላሽ አር ብለን እንጽፋቸዋለን።

«ሲ ራሱ ያስተካክለዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ይመስለኛል።

ኤፍኦፕን የተባለው የሲ ፈንክሽን ፋይል የሚከፍተው በሁለት ሞድ ነው፤ በቴክስት ወይም በባይነሪ። «አር» ብቻ ካላችሁት ቴክስት ነው፣ «አርቢ» ካላችሁት ባይነሪ። ዊንዶውስ ላይ በቴክስት ሞድ ሲነበብ የሲ ላይብረሪው (የዝግጁ ፈንክሽኖቹ ስብስብ) 13 እና 10ን ተከታትለው ሲያገኛቸው 10 ብቻ አድርጎ ያቀርባል። ሲጻፍ ደግሞ 10 ባየ ቁጥር ከፊቱ 13 ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ግን ይህ ማስተካከያ የሚያየው ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሲስተም ነው፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ አያይም። ሊኑክስ ላይ በ«አር» እና በ«አርቢ» መካከል ምንም ልዩነት የለም፤ «ቢ»ዋ እንደሌለች ትቆጠራለች። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ፋይል ሊኑክስ ላይ ሲከፈት 13ቱን እንደያዘ ይመጣል። ፋይል ደግሞ ይዞራል፤ በኢሜይል፣ በፍላሽ፣ በጊት። «የእኔ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ 13 ምን አገባኝ» የሚል ሰው ነው በዚህ በብዛት የሚጎዳው።

ለማጣራት ቀላል ዘዴ አለ። 10ን ቁረጡና መስመሩን በቅንፍ ውስጥ አትሙት። መዝጊያው ቅንፍ ወደ ኋላ ሄዶ መክፈቻውን ከሸፈነው 13 ውስጥ አለ። ተርሚናሉ አልተበላሸም፤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ ተብሎ ተመለሰ እንጂ።

አንድ የሚያደናግር ነገርም አለ። በኤፍስካንኤፍ አንድ አንድ ቃል እያደረጋችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህ ሁሉ ላይታይ ይችላል፤ እሱ 13ን እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ያልፈዋል። ኮዱ መስመር በመስመር ወደሚያነበው ኤፍጌትስ የተቀየረ ዕለት «ትናንት ይሠራ ነበር» ይመጣል።

«ኤፍጌትስ መስመር ማብቂያውን ይጥለዋል»

ይጥል የነበረው ጌትስ የሚባለው የድሮ ፈንክሽን ነው። እሱም የበፈሩን (የተነበበው የሚቀመጥበትን ቦታ) መጠን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ አደገኛ ተብሎ በ2011 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ ከቋንቋው ወጥቷል። ኤፍጌትስ 10ን እንዳለ ያስቀምጠዋል።

ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ስህተት ይገባል። በስትርለን ርዝመቱን ይለካና የመጨረሻውን ባይት በዜሮ፣ በሲ የጽሑፍ ማብቂያ ምልክት፣ ይተካዋል፤ 10 ሁልጊዜ እዚያ አለ ብሎ። ግን ላይኖር ይችላል። መስመሩ ከበፈሩ ከረዘመ ኤፍጌትስ የቻለውን ያህል ሞልቶ ይቆማል፤ የቀረው በሚቀጥለው ጥሪ ይመጣል። የፋይሉ የመጨረሻ መስመርም ያለ 10 ሊያልቅ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ የምትቆርጡት ከራሱ ከጽሑፉ ነው። አማርኛ ከሆነማ ይብሳል፤ በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በባይት የሚጻፍበት ሥርዓት) አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ሁለት ባይት ብቻ ይቀርና የተበላሸ ምልክት ይታያል። መስመሩ በዜሮ ባይት ከጀመረ ደግሞ ርዝመቱ 0 ይሆናል፤ ከ0 አንድ ቀንሳችሁ ከበፈሩ ውጭ ትጽፋላችሁ።

እኔ ስትርሲስፓንን እመርጣለሁ። ከ13 እና ከ10 መካከል ቀድሞ የመጣው የት እንዳለ ይነግራችኋል፤ ሁለቱም ከሌሉ የጽሑፉን ርዝመት ይሰጣችኋል። እዚያ ቦታ ላይ ዜሮ ማስቀመጥ ነው፣ አለቀ። መስመሩ ሙሉ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ከመቁረጣችሁ በፊት 10 መኖሩን እዩ። የድሮ ማክ ፋይልን ይህ ዘዴ አያድነውም። 10 የሌለው ፋይል ለኤፍጌትስ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ነው።

«ኤፍኢኦኤፍ አለቀ እስኪል ማንበብ ይበቃል»

ፋይሉ አልቆ እንደሆነ የሚጠየቀው ኤፍኢኦኤፍ አለቀ የሚለው ለማንበብ ተሞክሮ የፋይሉ መጨረሻ ከተነካ በኋላ ነው፤ ቀድሞ አይተነብይም። በዚህ ምክንያት እሱን እየጠየቀ በኤፍጌትስ አንብቦ በሚያትም ኮድ፣ ፋይሉ በ10 ካለቀ የመጨረሻው መስመር ሁለት ጊዜ ይታተማል፣ ያለ 10 ካለቀ አይደገምም። ያው ኮድ በአንዱ ፋይል ደህና፣ በሌላው ስህተት። የኤፍጌትስን መልስ ራሱን ፈትሹ።

«ባይነሪ ሞድ ለምስልና ለድምፅ ነው፣ ጽሑፍ በቴክስት ይከፈታል»

ዊንዶውስ ላይ በቴክስት ሞድ የፋይሉን መጠን በኤፍሲክና በኤፍቴል ለክታችሁ በኤፍሪድ ብታነቡ፣ የመጣው ከተለካው ያነሰ ይሆናል። የጎደሉት የተጣሉት 13ቶች ናቸው፤ ሰው ግን ማንበቡ የከሸፈ ይመስለዋል። ቁጥሩ 26 የሆነ ባይት መሃል ላይ ካለ ደግሞ እዚያው ፋይሉ አለቀ ይባላል። ይህኛው ልማድ ሲፒኤም ከሚባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘመን የመጣ ነው።

ፕሮግራሙ በተለያዩ ሲስተሞች ላይ የሚሠራ ከሆነ የእኔ ምክር ጽሑፍንም በ«አርቢ» ከፍቶ 13ን በራስ ኮድ መጣል ነው። ያኔ የትም ቢሆን አንድ ዓይነት ባይት ነው የሚደርሳችሁ። ስትጽፉም በ«ደብሊውቢ»፣ በባይነሪ መጻፊያ ሞድ፣ 10 ብቻ ጻፉ። የዊንዶውስ ተጠቃሚ አይቸገርም፤ ኖትፓድ እንኳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ፋይል መስመሩን ጠብቆ ያሳያል።