«ድኛለሁ፣ ክኒኑን ተውኩት» ለምትሉ የግፊት ሕሙማን

ደሴ ላይ መድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም፤ «ተለካሁ፣ 120 በ80 ነው አሉኝ። ድኛለሁ፤ ክኒኑን ተውኩት።» እንዴ! 120 በ80 የሆነው እኮ ክኒኑን ስለዋጣችሁ ነው። ከግፊት ክኒኖቹ አምሎዲፒን የተጨማደደውን የደም ሥር ያላላል፤ ኢናላፕሪል ደም ሥር የሚያጠብብ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይመረት ያግዳል። ግፊቱን የሚይዙት ሰውነት ውስጥ እስካሉ ብቻ ነው፤ ከሥሩ አይነቅሉትም።

ሰውን የሚሸውደው አምሎዲፒን ቶሎ አለመውጣቱ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ዛሬ ያቆመ ሰው ነገ ቢለካ ደህና ነው፤ «አላልኳችሁም?» ይላል። ሳምንት አለፍ ሲል ግፊቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ያኔ ግን ሕመም ስለሌለ የሚለካ የለም። ከሐይቅ በኩል የሚመጡ አንድ አባት በዚሁ ሒሳብ ጠፉብኝ። ከወራት በኋላ መድኃኒቱን ሊወስድ የመጣው ልጃቸው ነው። እሳቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አፋቸው ተይዞ ተኝተዋል። ስትሮክ ነው።

«ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ» የምትሉም አላችሁ። ላይኛው ቁጥር 180 ደርሶም ራስ ላያም ይችላል። ክኒኑ ማስታገሻ አይደለም።

«ኩላሊት ይጨርሳል» ይባላል። ኩላሊት የሚጨርሰው ያልታከመ ግፊት ነው። እንዲያውም በሽንታቸው ፕሮቲን ለሚወጣ የስኳር ሕሙማን ኢናላፕሪል የሚታዘዘው ኩላሊታቸውን እንዲጠብቅ ነው፤ የደም ምርመራ ክትትሉ ግን አይቅር።

የጎረቤት ክኒን መዋስ? በፍጹም። ኢናላፕሪል የነፍሰ ጡርን ጽንስ ይጎዳል።

ነጭ ሽንኩርቱንም ሽፈራውንም ብሉ፤ ክኒኑን አይተኩም።

«ጨው ትቻለሁ» የሚሉኝ እናቶች በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበትን ጨው አይቆጥሩትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ የወጡም የበርበሬውም ተደምሮ። ጫትም ግፊት ይጨምራል፤ በርጫ ላይ ተቀምጦ መድኃኒቱን መውቀስ ደግሞ ሌላ ነው።

ረመዳን ሲገባ ክኒን የሚያቋርጠው ብዙ ነው። አምሎዲፒን በቀን አንዴ ስለሚወሰድ በኢፍጣር ቢዋጥ ጾም አይነካም። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ከንጋት በፊት በሚበላው ስሑር ከተዋጠ ቀኑን ሙሉ ያስጠማል፤ ሰዓቱን ለማዞር ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ። ቁርጭምጭሚት ካበጠ ወይም ደረቅ ሳል ከያዛችሁም ዝም ብላችሁ አታቁሙ፤ መጀመሪያው ከአምሎዲፒን፣ ሁለተኛው ከኢናላፕሪል ሊሆን ስለሚችል ንገሩን፤ የሚቀየር ሌላ ዓይነት አለ።