ባለብዙ ሞጁል ፕሮጀክት ምንድን ነው?

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ማለዳ ላይ ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ያሉ፣ የሽያጭና የመጋዘን ፕሮግራም የጻፍንላቸው አንድ ደንበኛችን ደወሉ። ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው። «አቦ፣ ሁለቱ ወረቀቶቻችሁ እየተጣሉብኝ ነው፤ ና እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። የሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ይላል፤ ከመጋዘን ዕቃ የወጣበት ወረቀት ላይ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016። ዕቃው ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው፣ ዓመቱ ግን ተለያይቷል።

ቢሮ ተመልሼ ኮዱን ስከፍተው ነገሩ ግልጽ ሆነ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚለውጠው ኮድ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። መጀመሪያ ለሽያጩ ፕሮግራም ጻፍነው፤ የመጋዘኑን ስንጀምር ገልብጠን ለጠፍነው። ሁለቱም ቅጂዎች መስከረም 1ን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይተክሉ ነበር፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ቀን እንደምትሆንና አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 እንደሚውል አያውቁም። ባልደረባዬ ከሳምንት በፊት ይህን አይታ አስተካክላው ነበር። ያስተካከለችው ግን እጇ ላይ ያለውን ቅጂ ነው፤ ሌላ ቅጂ መኖሩን የሚነግራት ነገር አልነበረም።

ባለብዙ ሞጁል ፕሮጀክት የሚባለውን ነገር ከልቤ የተማርኩት ያኔ ነው። ሞጁል ማለት የራሱ ፎልደር፣ የራሱ ኮድ፣ የራሱ ቴስት ያለው፣ እንዲሁም «እኔ ለመሥራት እነ እገሌን እፈልጋለሁ» የሚል የራሱ ዝርዝር ያለው የሶፍትዌር ክፍል ነው። ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ኮዱ ሲገነባ፣ አንድ ጥቅል ይወጣዋል፤ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዓለም ይህ ጥቅል ብዙውን ጊዜ ጃር ነው። ባለብዙ ሞጁል ፕሮጀክት ደግሞ እንዲህ ያሉ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በአንድ ትዕዛዝ የሚገነቡበት አደረጃጀት ነው።

የእኛን አራት ቦታ ከፈልነው፦ ቀን፣ ሽያጭ፣ መጋዘን እና ድረ ገጽ። ድረ ገጹ ሽያጭንና መጋዘንን ይፈልጋል። እነሱ ሁለቱ ቀንን ይፈልጋሉ። ቀን ማንንም አይፈልግም። የቀን አቆጣጠሩ ኮድ አንድ ቦታ ብቻ ተጻፈ ማለት ነው፤ አንዱ ሲታረም ሌላው የሚቀርበት መንገድ ተዘጋ። (ጃቫ ከራሱ ጋር የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፤ የእኛን ግን አልያዘም። ስለዚህ እዚህ አገር የሚሠራ ሁሉ ይህን ክፍል ወይ ራሱ ይጽፈዋል ወይ ከውጭ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ካዘጋጁት ኮድ፣ ያመጣዋል።)

ኮዱን ለመገንባት እኛ የምንጠቀመው አፓቺ ሜቨን የሚባለውን መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው 1.0 ቅጂ (ቨርዥን) በ2004 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ዕድሜው ቢገፋም ዛሬም ብዙ የጃቫ ቤት በእሱ ነው የሚሠራው። በሜቨን እያንዳንዱ ሞጁል ማንነቱና የሚያስፈልገው ነገር የሚጻፍበት፣ ፖም የሚባል ፋይል አለው። ከሁሉም በላይ ባለው ፎልደር ደግሞ ኮድ የሌለው፣ የጥቅሉ ዓይነት ራሱ «ፖም» ተብሎ የተጻፈ አንድ የላይኛው ፖም ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ፖም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛ ሰብሳቢ ነው፦ «ሞጁሎቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ ይዘረዝራል፣ በዚህም አንድ ትዕዛዝ ሲሰጠው ሁሉንም ያስገነባል። ሁለተኛ ወላጅ ነው፦ የጃቫ ቅጂውን፣ የላይብረሪዎቹን የቅጂ ቁጥር፣ የፕለጊኖቹን (ሜቨን ላይ የሚሰኩትን አጋዥ ክፍሎች) አሠራር ለልጆቹ ያወርሳል። የመጀመሪያው ግንኙነት ከላይ ወደ ታች ነው የሚጻፈው፤ ሁለተኛውን ግን ልጁ ራሱ «ወላጄ እገሌ ነው» ብሎ በራሱ ፖም ውስጥ መጻፍ አለበት። ልጁ ወላጁን ጠርቶ በላይኛው ዝርዝር ካልገባ፣ ውርሱን ያገኛል እንጂ ከሌሎቹ ጋር አይገነባም። በዝርዝሩ ገብቶ ወላጁን ካልጠራ ደግሞ ይገነባል፣ ውርስ ግን የለውም። አዲስ ሠራተኛ ፎልደር ፈጥሮ «ለምንድነው ቢልዱ የማያየው?» ብሎ ሲጨነቅ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምከፍተው እነዚህን ሁለት መስመሮች ነው።

ውርሱ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ለድሬ ልጅ በባቡር ማስረዳት ይቀላል። የድሮው ምድር ባቡር ሐዲድ ወርዱ 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ፉርጎ ምንም ያህል ደህና ቢሆን አዲሱ ሐዲድ ላይ አይቆምም። ላይብረሪም እንዲሁ ነው። ሽያጭ ጃክሰን የሚባለውን ላይብረሪ በአንድ ቅጂ፣ መጋዘን በሌላ ቅጂ ቢጠቀሙ ለየብቻቸው ቴስታቸውን ያልፋሉ። ድረ ገጹ ውስጥ ሲገናኙ ግን አንዱ ቅጂ ብቻ ነው የሚገባው፦ ሜቨን ማን ማንን እንደሚፈልግ በሚያሳየው የጥገኝነት ዛፍ ላይ ለድረ ገጹ ቅርብ የሆነውን ይወስዳል፣ ርቀታቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የተጻፈውን። ቅጂውን ያጣው ወገን ያን ጊዜ ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ደንበኛ እጅ ከገባ በኋላ፣ «እንዲህ የሚባል ሜተድ የለም» በሚል ስህተት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መፍትሔው የቅጂ ቁጥሮችን በሙሉ ወላጁ ፖም ውስጥ፣ ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት በሚባለው ክፍል መወሰን ነው። ይህ ክፍል ቁጥሩን ይወስናል እንጂ ላይብረሪውን ለማንም አያድልም፤ የሚፈልገው ልጅ ቁጥሩን ትቶ ስሙን ብቻ በራሱ ፖም ይጠራዋል።

የግንባታው ቅደም ተከተል እኛን አያሳስበንም። ሜቨን ሪአክተር የሚባለው ክፍል አለው፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ አንብቦ ራሱ ይደረድራቸዋል። በዝርዝሩ ላይ ድረ ገጽን ከላይ ብጽፈውም ቀን መጀመሪያ ይገነባል።

ሪአክተሩ የማይታገሠው አንድ ነገር አለ፤ መጠላለፍን። እኛ ላይ ደርሷል። ሽያጭ ቀሪውን ዕቃ ለማወቅ መጋዘንን ጠራ፣ ከወር በኋላ ደግሞ መጋዘን ዕቃውን ማን እንደገዛ ለማሳየት ሽያጭን ጠራ። ቢልዱ ገና ሳይጀምር፣ ሞጁሎቹ በክብ ተያይዘዋል ብሎ ቆመ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሰው ምክር ሁሉ የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው። ሁለት ሞጁሎች እርስ በርስ ከተፈላለጉ ወይ በእውነቱ አንድ ናቸውና መቀላቀል አለባቸው፣ ወይ ሁለቱም የሚፈልጉት ሦስተኛ ነገር ውስጣቸው ተደብቋል። የእኛው ሁለተኛው ነበር። «ትዕዛዝ» የሚለውን ሐሳብ፣ ማለትም የትኛው ዕቃ፣ ስንት፣ ለማን የሚለውን አውጥተን አምስተኛ ትንሽ ሞጁል አደረግነው፤ ሽያጭም መጋዘንም እርስ በርስ መጠራራቱን ትተው እሱን መጥራት ጀመሩ።

ሌላ ወጥመድ ላሳያችሁ። ቀን ውስጥ ያለውን ኮድ አርሜ፣ ወደ ሽያጭ ፎልደር ገብቼ ቢልድ አደረግሁ። እርማቱ የለም። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም የለም። ሜቨን አንድን ሞጁል ብቻውን ሲገነባ ወንድሞቹን ከጎኑ ካለው ፎልደር አያነብም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የራሱ ማከማቻ፣ ባለፈው ኢንስቶል የተደረገውን አሮጌ ጃር ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ከላይኛው ፎልደር ሳትወጡ የምትፈልጉትን ሞጁል በፕሮጀክት መምረጫው ጠርታችሁ፣ «የሚያስፈልጉትንም አብረህ ገንባ» የሚለውን ትዕዛዝ ጨምሩበት። ያ ማከማቻ በሌላ በኩል ባለውለታችን ነው፤ ላይብረሪዎቹ አንዴ ከወረዱ ኢንተርኔት በሚጠፋባቸው ሰዓቶች ሜቨንን ከመስመር ውጭ አድርገን ሥራችንን እንቀጥላለን።

ማሸጉ ላይ ስንመጣ፣ ደንበኛው ጋ የሚሄደው አንድ ጥቅል ነው፦ ድረ ገጹ። እሱ ሌሎቹን ጃሮች በሆዱ ይዞ ይወጣል። ስፕሪንግ ቡት የሚባለውን የጃቫ ማዕቀፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ትልቅ ጃር የሚያሽገውን ፕለጊን በወላጁ ፖም ለሁሉም እንዲሠራ አድርጋችሁ አታስገቡት። ሁሉም ልጆች ለብቻቸው እንደሚነሱ ፕሮግራሞች ይታሸጋሉ፣ ኮዳቸውም ጃሩ ውስጥ ሌላ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሽያጭ የቀንን ክላስ (የጃቫ ኮድ የሚከፋፈልበትን አሃድ) ሲፈልግ ጃሩ አለ፣ ክላሱ ግን የለም ይባላል። ፕለጊኑ ድረ ገጹ ውስጥ ብቻ ይቀመጥ።

በሜቨን ፈንታ ግሬድል የሚባለውን የመገንቢያ መሣሪያ የምትጠቀሙም ሐሳቡ ያው ነው፤ ሞጁሎቹ ሴቲንግስ በሚባለው ፋይል ይዘረዘራሉ።

ስንት ቦታ ልክፈል ለሚለኝ፣ በትንሹ ጀምሩ ነው የምለው። ሃያ ሞጁል ያለው፣ እያንዳንዱ ሦስት ክላስ የያዘ ፕሮጀክት አይቻለሁ፤ አንድ መስክ ለመጨመር ስድስት ፖም መክፈት ነበረብን። እኔ ሞጁል የምለየው ወይ ከአንድ በላይ ተጠቃሚ ሲኖረው፣ ወይ ለብቻው ታሽጎ ሲወጣ፣ ወይ አንዱ ወገን ሌላውን በፍጹም እንዳይጠራ ስፈልግ ነው። ከዚህ ውጪ ያለው ፎልደር ሆኖ ቢቀር አይጎዳም።

የቀን ሞጁላችን ውስጥ አሁን ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ሲሰጠው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ካላለ ቢልዱን የሚያቆም ቴስት አለ። ባልደረባዬ ከሥሩ ሴፕቴምበር 11፣ 2027ንም ጨምራበታለች፤ የሚቀጥለው ጳጉሜ 6፣ የ2019ኙ፣ የሚውለው ያን ቀን ነው።